ያቺ የቴኒስ ኳስ

አሥራ ዘጠኝ ጊዜ አየሁት ይህንን ፊልም፤
አድናቂው ሆኜ ግን አይደለም።
ሆማ ላይ፣ ሉዊዚያና፣ ባንድ ሲኒማ በር፣
ቲኬት ስቀድ ውዬ ቲኬት ስቀድ ነው የማድር።
ስለዚህ የኔ ፍርድ የደጃፍ ፍርድ ነው፤
ፈራጁም ግማሹን በስንጥቅ አይቶ
ግማሹን በግድግዳ የሰማ ሰው።

መጀመሪያውን ላመስግን፤ እውነት አይቀበር፤
እስከ አርባኛው ደቂቃ እንከን አልነበር።
ሰማዩ አልፈነዳም፤ እሳትም አልወረደ።
ፔሊካኖቹ ናቸው ቀድመው ዝም ያሉት፤
ከዚያ እንቁራሪቶች፣ ረግረጉን ሲያምሱ የሚያነጉት።
ከዚያ ማቀዝቀዣው፤
ከኩሽናው ጥግ ለካ ሲያጉረመርም ኖሯል፣ ማንም ሳይሰማው፤
እሱም ዝም አለ፤ ያኔ ሰማነው።
ከዚያ ጥላ ብቻ፤ በሸንኮራ እርሻው ላይ በዝግታ፣
እንደሚጎተት ብርድ ልብስ፣ ያለ አንዳች ኮሽታ፣
ጣሪያ ከጣሪያ እያዳረሰ ሲመጣ
አዳራሹ ሁሉ ፋንዲሻ ማኘክ ያቆማል፤
በአሥራ ዘጠነኛዬም የክንዴ ጸጉር ይቆማል።
ማንም ይሁን የቀረጸው፣ እጁ ይባረክ፤
ፍርሃት ጩኸት እንዳልሆነ ያውቃል።

ከዚያ ግን የገንዘቡ ትዕግሥት አለቀና፣
ሁለት መቶ ሚሊዮን ዶላር መታየት አማረውና፣
መርከቡ ሆዱን ከፈተ።
ድልድይ ተገነጠለ፣ ፎቅ እንደ ብስኩት ፈረሰ፣
ጄት ከጄት ተላተመ፣ ባሕር ሽቅብ ፈሰሰ፤
አንድ ከተማ በሙሉ በአራት ሴኮንድ አለፈ።
የሟች ስም የጠራ የለም።
ውሻው ግን ተረፈ።
ጄኔራሉም ጂፕ ላይ ቆሞ ንግግር አደረገ፤
ቃሉን እኔ እንጃ፤ ቫዮሊኑ ነው ያለቀሰው፣
እኛን ስላላመነን ድርሻችንን የወሰደው።
እንግዶቹስ? ከስንት ፀሐይ ወዲያ ተጉዘው
ለምን መጡ? አልተነገረንም።
ጥርስ ነው የተሰጣቸው።
ቋንቋ ቢሰጧቸው በረከሰ ነበር።
ሲሞቱም እንደ ገና ዛፍ አምፖል፣
አንዱ ሲቃጠል ሁሉም ድርግም።

አሁን ስለ ኦዲል ፒትር ላውራችሁ።
የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለች።
ፊልሙ እዚህ ሲቀረጽ አሥራ አራት ሌሊት ሮጣለች፤
ከአጃቢዎቹ ጋር፣ በሌሊት መቶ ሃምሳ ዶላር ሂሳብ፣
ከአንዲት የቴኒስ ኳስ።
ኳሷ ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ተሰክታለች፤
አንድ ጎረምሳ ይዟት ይሮጣል፣ ከፍ ዝቅ ያደርጋታል፤
«ጭራቁ ይህች ናት፤ እያያችሁ ፍሩ» ይላል።
«መልኩ ምን ይመስላል?» አለች ኦዲል።
«ገና አልተወሰነም።»

ታዲያ እንዴት ፈራሽ? ብዬ ጠየቅኋት።
«ከኳሷ ጀርባ» አለችኝ፣ «ያንን ማዕበል አየሁት፤
ጣሪያችንን እንደ ቆርኪ ከፍቶ
ወንድሜን ዩሊስን ከነአልጋው የወሰደበትን ሌት።»

ፊልሙ ውስጥ ያለችው አንድ ሴኮንድ ተኩል ነው፤
በስተቀኝ ጥግ፣ አፏ ተከፍቶ፣ ዓይኗ ደርቆ።
ከዚያ ሁሉ ሚሊዮን
በአሥራ ዘጠነኛዬ ያላረጀብኝ እሱ ብቻ ነው።

መጨረሻው እንደምትገምቱት ነው፤ ጎህ ቀደደ፣
ባንዲራ ተውለበለበ፣ ፍርስራሽ ላይ ተሳሳሙ።
ኦዲል እህቶቿን ይዛ መጥታ ነበር፤
መብራት ሲበራም አልተነሳች።
«ማነው የሚጠርገው?» አለችኝ።

እዚህ የማዕበሉ ማግስት ሁለት ዓመት ነው የፈጀው፤
ሰማያዊ ሸራ በየጣሪያው፣
በፕላስተር የታሸገ ማቀዝቀዣ በየመንገዱ ዳር፣
ውስጡ የገማ ሽሪምፕ።
ፊልሙ ግን ማግስት የለውም። ሽታ የለውም።
ሌላው ጉድለቱ ሁሉ ይቅር ይባላል።

መልስ አልሰጠኋትም፤ መጥረጊያዬን አነሳሁ።
የሠሪዎቹ ስም ሽቅብ እንደሚዘንብ ዝናብ ይወጣ ነበር፤
የሷ የለበትም።
ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው አነባለሁ።

ሐሙስ የመጨረሻው ማሳያ ነው።
ሰባ አንደኛዋ ደቂቃ ላይ
በሩን ገፋ አድርጌ እገባለሁ።