አርባ ሳንቲም

ባሌ ነሐሴ ላይ የጋራዡን እንጨት ሲያቆም፣
ሕጉ ስልሳ ሲል፣ ከወሰኑ የራቀው አርባ ሳንቲም።
«ሃያዋን ማን ይለካል? የመኪናው በር ይከፈትባት» አለ፤
ሜትሩን ኪሱ ከቶ ምስማር መምታት ቀጠለ።

ሚስተር ሃውሪሉክ ማዶ ቲማቲም ያስራሉ፤
የባቡር ጡረተኛ ናቸው፣ ሁሉን በዓይናቸው ይለካሉ።
ቀና አሉ። ገመዱን ቋጠሩ። አንድ ቃል አልተናገሩ።
በሳምንቱ ማህተም ያለበት ደብዳቤ ደረሰን ከበሩ።

«ከሳሽ ምን አለ?» አልኩት።
«ጥላ» አለኝ።
ቀልዱ የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ፣ በዚያ ጎዳና ሙሉ፤
ባሌን ጥላዬ ብለው ነው እናቱ የሰየሙት፣ ከክፉ ይከልላል ሲሉ።
አሁን በሰሜን ዊኒፔግ፣ በሦስት ገጽ ማመልከቻ፣
አሥራ አራት እግር ቲማቲም ከሳሽ፣ ተከሳሹ ጥላ ብቻ።

አያቱ ለአንድ ቁና ዘር ማሳ አሥራ አንድ ዓመት የተሟገቱ፣
የይግባኙን ወረቀት ትራስ አድርገው የሞቱ፣
እሳቸው ናቸው የተነሡበት። ማታ ኮምፒውተሩ ላይ ተተክሎ
አንቀጽ ይለቅማል፣ እራቱን ሳህኑ ላይ ጥሎ።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» አልኩት።
«ምን ያህል ቅርብ? ይለካ» አለ።

ተለካ። ቀያሽ መጣች፣ ልጅ እግር፣ ብርቱካን ሰደርያ የለበሰች፣
የምትጮህ በትር ይዛ ሣሩን ከዳር ዳር አሰሰች።
ጽጌረዳዋ ሥር በትሯ ጮኸ፤ ተንበርክካ ቆፈረች፤
አፈሩን በጓንቷ ጠርጋ የዛገ ብረት አሳየች።

ያ ብረት ለማንም አላደላም።
ጋራዣችን ሠላሳ ስምንት፤ አርባም አልሞላም።
ጽጌረዳዋ ደግሞ፣ ኦልጋ የተባሉት ሟች ሚስታቸው
በሠርጋቸው ዓመት የተከሏት፣ ስንዝር ከአራት ጣት ወደ እኛ ተሻግራ ተያዘችባቸው።
ለዚች ወሬ ስምንት መቶ ዶላር ከፈልን።

ያን ማታ ባሌን መጋዝ ሲፈልግ አገኘሁት።
«ሕግ ሕግ ነው» አለኝ።
«የሙት እጅ ነው» አልኩት።
አልነጠቅሁትም። ራሱ መልሶ ሰቀለው።

ኮሚቴው ተቀመጠ፤ ጋራዡ ይቁም፣ መስኮት አይኑረው አለ።
እሳቸውም ወሰኑ ላይ ጣውላ ደረደሩ፣ ቁመቱ ከሰው የዘለለ።
ጽጌረዳዋ ጋ ሲደርሱ አጥሩን ወደ እኛ አጎበጡት፤
ባሌ አየ። ሜትሩም ኪሱ ነበር። አላወጣውም።

በግድግዳውና በአጥሩ መካከል ጠባብ ጨለማ ቀረ፣
ኳስ የሚውጥ፣ ቅጠል የሚያጠራቅም፣ አዋቂን ያሳፈረ።
ልጄ እልልታ ብቻ በጎኗ ሾልካ ትገባለች፤
ስድስት ዓመቷ ነው፤ ኳሷን ይዛ ትወጣለች።
አንዳንዴ ጣት የምታህል ቲማቲም ጨምራ። ከየት ነው አላልኩም።
አንዱ ጣውላ ጉጡ ወልቆ ቀዳዳ አለው፤ ባሌም ያውቃል፣ አልደፈነውም።

ዘንድሮ ሰባት ሆናት። በሰኔ ገባች፤ አልወጣችም።
ትከሻዋ ተያዘ።
ጥላዬ ከዚህ ጫፍ ክንዱን ሰድዶ ጣቷን እንኳ አልነካም፤
«አይዞሽ» ይላል፣ እስኪያልበው፣
ከማዶም በዩክሬንኛ ያው ቃል ይመስለኛል የሚሰማው።
ከዚያ መጋዝ ጮኸ።
ሁለት ጣውላ ወደቀ። ልጄ በሳቸው በኩል ወጣች፣
አገጯን በመሐረብ ሲጠርጉላት ቲማቲም እያኘከች።

በማግስቱ ፖስታ ሳጥናችን ውስጥ ሒሳብ፣ በእጅ ጽሑፍ፣ ያለ ሰላምታም፤
ጣውላ ሁለት፤ ሠላሳ አንድ ዶላር ከአርባ ሳንቲም።

ሠላሳ አንዱን ከፈለ።
አርባዋን ግን ይኸው መስከረም ገባ፣ በክፍተቱ አጎንብሶ
«ዝርዝር የለኝም» ይላቸዋል።
እሳቸውም እጃቸውን ዘርግተው ይቆዩና፣
«እንግዲያው ነገ።»