ገጸ ከልብ

በጥር አመጡልኝ፣ ሱኾና ወንዝ እንደ ድንጋይ ረግቶ፣
በተንሸራታች ጋሪ፣ ጭድ ለብሶ፣ በበግ ቆዳ ገብቶ።
ዬቭሴይ ነው ያመጣው፣ የደብሩ ቁልፍ ያዥ፣ ሰባን ያለፈ፣
ጢሙ ላይ የጋገረውን በረዶ እንኳ ያላራገፈ።
“አደራ ልጄ” አለኝ፣ “ፊቱ ጠቁሯልና እጠቢው ቅዱሱን፤
ሻማችን ነው ያጠቆረው፣ እኛው ነን ያጠፋነው መልኩን።”

ክርስቶፎሮስ ነው። ቀይ ካባ፣ የወታደር ጥሩር፣
በቀኙ መስቀል፣ በግራው ቅጠል ያወጣ በትር፤
ፊቱ ግን የማንም ፊት ነው፤ ለስላሳ፣ ጢም ያላበቀለ፣
ለሁሉ እንዲስማማ ተብሎ የተሣለ።

ጥጥ በቀጭን እንጨት ላይ፣ በአልኮል ነክሬ፣ ጠቅልዬ፣
ከፀጉሩ ጀመርኩ፣ ከዳር ይሻላል ብዬ።
ጭሱ ለቀቀ። ቫርኒሹ ለቀቀ። ከዚያ ቀለሙ ራሱ፣
ሁለት መቶ ዓመት የተኛው፣ ተገፈፈ እንደ ልብሱ።
ከሥሩ አንድ ነገር፣ ቡናማ፣ ሹል፣ ቀጥ ያለ፣
ወጣ። ቅጠል መሰለኝ።
ጆሮ ነው። የቆመ። የሆነ ድምፅ የሰማ የመሰለ።

እጄን አነሣሁ። መብራቱን አቀረብኩ።
ምድጃው ውስጥ እንጨት ቢፈነዳ ደነገጥኩ።
ባልደረባዬ ኔስቶር ሻይ ይዞ ገባ፤ አየና፣
“ተይው” አለኝ፣ “ነገ ደግሞ ጅራት እንዳታገኚና!”

ወሬውን አውቀው ነበር። መልከ መልካም ነበር ይላሉ፤
ውኃ የሚቀዱ ሴቶች እሱን ሲያዩ እንስራ ይጥላሉ፤
መልኩ ለሰው መሰናክል፣ ለራሱም እሾህ ሆነበት፣
“ጌታ ሆይ፣ ሌላ ፊት ስጠኝ፣ የሰው ዓይን የማይቆምበት።”
ሲነጋ ጎረቤት ሁሉ በሩን ዘጋ፤
ውሻ ብቻ ተከተለው፣ ጅራቱን እየቆላ፣ ሳይሰጋ።

ሌሎች ደግሞ፦ የለም፣ ከገጸ ከልብ አገር ነው የተወለደው፤
ጩኸት እንጂ ቃል አልነበረውም፤ መልአክ ነው አፉን የዳሰሰው።
ደረቅ በትሩን መሬት ሰክቶ እስኪለመልም ጠበቀ፤
በትሩ ለመለመ። ንጉሡም ሰይፉን ከአፎቱ አላቀቀ።

በኋላ ከዋናው ከተማ ደብዳቤ መጣ፣ ማኅተም ታትሞበት፦
“ቅዱስ የአውሬ ፊት የለውም፤ ነውር ነው፤ ሰው ይሣልበት።”
ስሙን የማላውቀው ሠዓሊ ታዘዘ፤ አለበሰው ፊት አዲስ፤
ጆሮው ላይ ሲደርስ ግን ቀለሙ ስስ ነው፤ ስስ።
እጁ ደክሞት ይሆን? ወይስ አልጨከነም?
አንድ ቀን የሚፈልግ ይመጣል ብሎ ይሆን? አላውቅም።

በሦስተኛው ሳምንት ሙሉው ፊት ወጣ፤
ረጅም አፍ፣ እርጥብ ዓይን፤ ውሻ፣ ግን ጥርሱን ያላወጣ።
ሰሙን ያቀለጠ ሁሉ ወርቅ ነው የሚጠብቀው፤
እኔን ከሥር ቀና ብሎ ያየኝ፣ ደጅ የሚያድር ውሻ ነው።

በመጋቢት ዬቭሴይ ሲመጣ ጨርቁን ለመግለጥ ፈራሁ፤
“ምነው ግላፊራ?” አለኝ። ገልጬ መሬት መሬቱን አየሁ።
ዝም አለ። ቆቡን አወለቀ። ከዚያ በዝግታ፣
ስለ ወንድሙ ስለ ቲኾን አወራኝ እስከ ማታ።

ቲኾን ከጦር ሜዳ ሲመለስ መንጋጋ አልነበረውም፤
ሾርባ በቱቦ ይጠጣል፤ ቃል ግን አይወጣውም።
የመንደር ልጆች ከኋላው እየሮጡ ይጮኹ ነበር እንደ ውሻ፤
ቅዳሴውን ከበሩ ጀርባ ነው የሰማው፣ እስከ ዕድሜው መጨረሻ።

“እና ይኼ” አለ ዬቭሴይ፣ ጣቱን ሳያስነካ ቀርቦ፣
“ከፊት ለፊቱ ነበር? ያን ሁሉ ዓመት?
የሰው ፊት ተከናንቦ?”

በአገጩ ጥግ አንዲት ካሬ አልነካሁም፣ ጥፍር የምታህል፤
የድሮው ጭስ፣ የድሮው ጉንጭ፤
በሙያችን ‘ምስክር’ ትባላለች፣ “እንዲህም ነበር” የምትል።

የት እንደ ሰቀሉት ታውቃላችሁ? ከመቅደሱ ራቅ ብሎ፣
ከበሩ ጀርባ፣ በቲኾን ቁመት ልክ ምስማር ተተክሎ።
አንዲት እናት፣ አሉኝ፣ የልጇን ዓይን በመዳፏ ጋረደች፤
ልጅቷ በጣቶቹ መሃል አጮልቃ፣
“እዩት፣ ጆሮው ቆሟል፤ እየሰማን ነው” አለች።