ለተከበረው ምክር ቤት

ማዘጋጃ ቤቱ ደጅ፣ ከበሩ በስተግራ፣
ጃንጥላ ዘርግቼ፣ በእስክሪብቶ ሥራ፣
የሰው አቤቱታ ስጽፍ ነው የኖርኩት፤
የዘምዘም ይመርን ግን እስከ ዛሬም አልረሳሁት።

ከአዝዋ ገደል ሥር ዳገቱን ወጥታ፣
ጫማዋ ላይ ጭቃ፣ ወንበሬን ትታ፣
ቆማ «ጻፍ» አለችኝ፤ «ለተከበረው
ምክር ቤት በልና ቁጥሩን አስቀድመው።

«ወንበሩ አሥራ ስምንት፤ አሥራ አራቱ ሰው
ፒያሳ ነው ቤቱ፣ አስፋልት ዳር ያለው።
ሦስቱ ከሸዋ በር፣ አንዱ ከሆጤ ነው፤
ለገደሉ ሰፈር ወኪላችን ማነው?

«እኛም እንመርጣለን፤ ጣታችን ይቀለማል፣
ወረቀቱ ታጥፎ ሣጥን ይከተታል፤
ግን ከተማው ሁሉ ባንድ ቋት ተጥሎ
ሲቆጠር፣ የኛ ድምፅ ይቀራል ቀልሎ፤
እንደ ሰፈር ምንጯ፣ ቦርከና ገብታ፣
ውኃዋ ሳይጎድል እንደቀረች ስም አጥታ።

«ስለዚህ ይከፈል፤ ሰፈር ለሰፈሩ
የራሱን ሰው ይላክ፣ የሚታወቅ በሩ፤
ሲዘንብ የማይተኛ፣ አዳራሽ ሲገባ
ምንጣፉን በኛ ጭቃ ሳያፍር የሚቀባ።»

ጻፍኩት። መቶ ዘጠኝ ሰው አሻራ አኖረ።
(የደላላው ሙሄ ጣት ሁለቴ ነበረ፤
አንዱን ሰርዤለት ዝም አልኩ።)

እኔ የፒያሳ ነኝ። በቁጥር ከሆነ
አሥራ አራት ወኪል ለኔ ተመጠነ፤
በየቀኑ ያልፋሉ በጃንጥላዬ ሥር፣
አንዳቸው ስሜን ጠርተው አያውቁም ነበር።
ይህን ለዘምዘም አልነገርኳትም።

ሁለት ክረምት ሄደ። በሦስተኛው ጥር
ቀያሽ ከነካርታው ወረደ ወደ ሰፈር።
አስናቀ ይባላል፤ ቀይ እርሳስ ጆሮው ላይ፣
ድንጋዩን የሚረግጥ እግሩን ሳያይ።
«ከዚህ ወዲህ አንድ፣ ከዚያ ወዲያ ሁለት»
እያለ መስመሩን ቁልቁል ለቀቀባት
በዘምዘም ጓሮ ላይ። ኩሽናዋ ወዲህ፣
መኝታዋ ወዲያ።
«እንግዲህ» አለች ስቃ፣ «ሽሮ ስሠራበት
ያንዱ መራጭ ነኝ፤ የሌላው ስተኛበት!»

መስመሩ ቀጥ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ ይመጣል፣
የሐጂ ወርቁ ወፍጮ ጋ ሲደርስ ይጎብጣል፤
ባለወፍጮው ደግሞ ወንበር ያለው ነው፣
እርሳሱ ከነደንበኞቹ ያቀፈው።
ቀያሹን ጠየቅኩት። ቀና አለ ወደ ጦሳ፤
«ተዳፋት ነው» አለኝ፣ እርሳሱን እያነሣ።

ሐምሌ አጋማሽ፣ ሌሊት፣ ሰማይ ሲያጉረመርም፣
መሬቱ ተነሣ፤ ማንንም አልጠየቀም።
ሰው አልሞተም። አጥሩ፣ ሦስት ባሕር ዛፍ፣
የዘምዘም ኩሽና፣ የወፍጮው ደፍ
ወርደው ተኙ አብረው፣ አሥር ክንድ ተኩል።
ካርታው ግን ቢሮ ውስጥ፣ በአራት ሚስማር መሀል፣
ደረቅ እንደሆነ አለ።

ትናንት ጠዋት መጣች፤ ያው ጫማ፣ ያው ጭቃ።
ዘንድሮ ግን ተቀመጠች፣ ከወንበሬ ሠፍራ።
«ጻፍ» አለች። «መሬቱ ወረደ፤ መስመሩ አልወረደም።
የሚመለከተው ሰው መጥቶ ይይ፤ ሌላ አልጠይቅም።»

«ለማን ልበለው?» አልኳት፣ እስክሪብቶ አንሥቼ።
ወረቀቱን አየችው።

«ክፍት ተወው» አለች። «ምርጫው እየመጣ ነው፤
ስሙን እኛ እንሞላለን።»