ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት

ከንጋቱ አሥራ አንድ፣ ግራቮይ ጎዳና፣
የሴንት ሉዊስ በረዶ አልተጠረገም ገና።
አውቶቡሱ አቃስቶ ከፊቴ ይቆማል፤
ኔጃድ ጓንቱን ሳያወልቅ በሩን ይከፍታል።

ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ፣ መጽሐፉ ጭኔ ላይ፤
የአራት ልጆች ነገር፣ ከተማቸው ሲጋይ።
ኳሳቸው የካልሲ ነው፣ ሜዳቸው ምድር ቤት፤
ጎል የሚቆጠረው መድፉ ጋብ ያለ ለት።
ውኃ ለመቅዳት ዕጣ ይጥላሉ፤
ለትንሹ ሲወጣ፣
«ተጭበርብሯል» ብለው እንደገና ይጥላሉ።

አንድ ማለዳ ኔጃድ በስፖኪዮ ሽፋኑን አየና፣
«ድልድዩን አሳስቶታል፤ ከገበያው ማዶ ነው» አለኝ፣ ቀስ አለና።
«ዳቦ ቤቱ ግን ልክ ነው።
ወረፋውም ልክ ነው።
ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ፣
ትንሹ ሳኔል ከሌሎቹ ተደብቆ፣ ጀሪካን ይዞ ሲወጣ፣
ዘጋሁት።
ይኸው ዘጠኝ ዓመት።
እዚያው ደረጃው ላይ ይቁም፤ ምን ቸገረው?»

በሳምንቱ ጨረስኩት፣ ልብስ ማጠቢያ ቤት፤
ማሽኑ ሲያጓራ
ካልሲዬን እርጥቡን ሰብስቤ ወጣሁ በሌሊት።

በማግስቱ በስፖኪዮ፣ «የት ደረስክ?» አለኝ።
አፌ ላይ የመጣውን ከምራቄ ጋር ዋጥኩት።
ዕልባቴን፣ ያችን የአውቶቡስ ቲኬት፣
ከጀርባው ሽፋን መዝዤ
ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ሸጎጥኳት።
«እዚያው ነኝ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ።
ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ማንም አልነበረም፤
ኔጃድ ግን ቆመ፤ በሩን ከፈተ፤
ብርዱ ገባ፤
ከኋላችን ክላክስ ተነፋ፤
ሮጦ የሚደርስ ሰው እንዳለ ሁሉ
ትንሽ ቆየ፤
ዘጋው።