ነጠቃ

«ልጅሽ ማታ ማታ ነጠቃ ይማራል»
ብሎ ለእናቴ ጎረቤት ነግሯታል።
ከባጃጅ ተንጠልጥሎ ስልክ ሞጭልፎ የሚሮጥ
መስሏት ነው ለካስ፣ ልቧ እንዲያ የሚናጥ።
ነጠላዋን ታጥቃ ጋራዡ ድረስ መጣች፣
ከበሩ ቆም ብላ ወደ ውስጥ አየች፤
እጄ ላይ ያለው ግን አንድ ደረቅ እንጨት ነው።
«አንተ! ከቤት የጠፋው መጥረጊያዬ ነው!»

እኔ ጫኝና አውራጅ፣ የሽንኩርት ተራ ሰው፣
ኩንታሉን በጀርባ እንደ ጋቢ የምለብሰው፣
ከመቂ የመጣ አይሱዙ ሲራገፍ
ከጎህ እስከ ቀትር የማልል እረፍ፣
ጉልበት ካለኝ ብዬ፣ ምን ይቀረኛል ብዬ
ሌንጂሳ ዘንድ ሄድኩኝ ደረቴን ገልብጬ።

ሌንጂሳ በያጅ ነው፤ ቀን ቀን በር ይበይዳል፣
ሲመሽ ያንኑ ግቢ ጠርጎ ያሰለጥናል።
ብረቱ ከሞተ የጭነት መኪና የወጣ አክሰል፣
ክብደቱ ሲሚንቶ፣ በቀለም ጣሳ ውስጥ የደረቀ።
ግድግዳው ላይ በኖራ ቁጥር ተጽፏል፤
ማን ስንት እንዳነሳ፣ ማን ስንት ጊዜ እንደጣለ።
የተጣለው ይበልጣል።

የመጀመሪያ ቀን ስልሳውን ያዝኩና
እንደ ጆንያ ጆሮ በክንዴ ሳብኩት።
ወደ ፊት ሸሸኝ፤ ሄዶ በሩን መታው፤
ሌንጂሳ ቀን የበየደውን በር።
«ክንድህ ቸኮለ» አለኝ፣ አልተቆጣም።
«ክንድ ገመድ ነው። ገመድ በራሱ ምን ይጎትታል?
እግርህ መሬቱን ይግፋ፤
ደረትህ ከብረቱ በላይ ይቆይ፣ አይጣደፍ፤
ብረቱ ጭንህን ይዳብስ፣ እንደ ጥላህ ይከተልህ።
አንድ ስንዝር ከራቀህ ያንተ አይደለም፣ የነፋሱ ነው።»
የአዳማ ነፋስ ደግሞ
የወሰደውን አይመልስም።

ሦስት ወር ከእንጨት ጋር።
ቀን ኩንታል ስሸከም ውዬ
ማታ መጥረጊያ ከበደኝ።

ከአጠገቤ ሲምቦ፣ የምግብ ቤት ሰሃን አጣቢ፣
እርጥብ ብትመዘን ሃምሳ ኪሎ የማትሞላ፣
አውራ ጣቷን በጣቶቿ ሥር ቀብራ
ብረቱን ጨበጠችው፤
ከዚያ አላየሁም።
ብረቱ ታች ነበር። ብረቱ ላይ ሆነ።
መካከሉ የት ገባ?

«አየህ?»
«አላየሁም።»
«ብረቱ ለአንዲት ቅጽበት ክብደቱን ሲረሳ
እሷ ሥሩ ገባች፤ ይኸው ነው።
አንተ መጫን ታውቃለህ፣
ማውረድ ታውቃለህ፤
ራስህን ግን አውርደህ አታውቅም።»

ይህችን ቃል ይዤ አደርኩ። ከኩንታል ከበደች።
በማግስቱ ተራዬ ደርሶ
ሁለት ሰው ከመኪናው ላይ ጆንያ ሲለቅብኝ፣
ጉልበቴ፣ ሳላዘው፣
ዝቅ ብሎ ሲቀበል ያዝኩት።
ሰባት ዓመት ሙሉ! እኔ ሳልሰማ!
«ምን ያስቅሃል?» አለ ከላይ ያለው፤
«ጫን ዝም ብለህ» አልኩት።

ሐሙስ ማታ መብራት ሄደ።
አንዱ ባጃጁን አዙሮ በፊት መብራቱ አበራልን፤
ስልሳው ጥላውን እስከ ግድግዳው ዘረጋ።
አውራ ጣቴን ቀበርኩ።
መሬቱን ገፋሁት።
ብረቱ ቅልጥሜን፣ ጉልበቴን፣ ጭኔን ዳብሶ
ዳሌዬ ጋ ሲደርስ ተስፈነጠርኩ፤
ትከሻዬ ጆሮዬን ነካ፤
ከዚያ፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ፣
ሽቅብ የሚሄደውን ትቼው
ቁልቁል ሄድኩ።

ጸጥ።

ቁጢጥ ብያለሁ፤ ብረቱ ከአናቴ በላይ፣ ክንዴ ቀጥ።
በቆርቆሮው ቀዳዳ አንዲት ኮከብ፤
ከጅቡቲ መንገድ የከባድ መኪና ጥሩምባ፤
የሲምቦ «ያዘው! ያዘው!»፤
ስልሳ ኪሎ፣ ከኩንታሌ በአርባ ያነሰ፣
ጉልበቴን ሲያንቀጠቅጠው።

ሌንጂሳ ጎንበስ ብሎ ዓይኔን አየና
«በል እንግዲህ» አለ፣ «ተነስ።»

ሳቄ ሊያስጥለኝ ነበር።
ከሸክም ሥር መነሳትማ
እንጀራዬ ነው።