ለካ

መጀመሪያ ቀን፣ ከከዚራ ቤቴ ቆርቆሮ ላይ ሆና
አየችኝ፣ እንደ ቲኬት ተቆጣጣሪ፣ ዓይኗን አጥብባ፣ ቀና።
«ነይ» አልኳት፤ አልመጣችም። ጅማት ጣልኩ፤ አልነካችም።
ዞር ብዬ ስመለስ ግን ጅማቱ የለም፤ እሷም የለችም።

በማግስቱ ወተት በሳህን፣ ከበሩ ዐሥር እርምጃ፤
በሳምንቱ ዘጠኝ፤ በወሩ
ደፉን አልፋ፣ ካረጀችው ስጋጃ።

ውሻዬ ቡሎን፣ ጥርሱ ያለቀ፣ የድሬ ወበቅ የጣለው፣
ሊጮህ አሰበና፣ «ይቅር» እንዳለ ሰው
አገጩን መሬት ላይ መለሰው።
ዶሮዋ ግን፣ ያቺ ቀበጥ፣ ነገሩ አልተዋጠላት፤
አፍንጫዋን አንዴ ጠቅ አርጋ የቤቱን ሕግ ነገረቻት።

ያን ሌሊት ደቻቱ ሲያገሳ፣ ከደንገጎ ቁልቁል ወርዶ፣
መጣች፣ ደረቴ ላይ ወጣች፣ ገላዋ ተንቀጥቅጦ፣ በርዶ፤
ቆይቶ ውስጧ ሞተር ተነሣ። አሮጌው ባቡር ከቆመ ወዲያ
እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም፣ እስኪሞቅ ቀፊራ ገበያ።

«ፉርጎ» አልኳት፣ ከኋላዬ ተቀጥላ ስለምትሄድ፤
የእኔ ናት አልኩ በልቤ፤ ማን አላት ከእኔ ሌላ ዘመድ?

ትናንት ግን ከግንቡ ማዶ፣ ከሰባት ዓመት ኩርፊያ ጓሮ፣
ሰማሁ ሩቂያን ስትጣራ፣ በለሰለሰው፣ በዱሮ
ድምጿ፦ «ነይ ሉሌ፣ ጉበት አለ!»
ፉርጎ ጆሮዋን አቆመች፤
እኔን አየች፤ ግንቡን አየች፤
ዘለለች።

ሳህኔን እንደያዝኩ ቀረሁ። ቡሎን ታዝቦኝ ተኛ።
ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ አንዴ። ከማዶ ሳህን ተንኳኳ።
ደግሜ ጠረግሁ።
«አንተም ታበላታለህ?» አለች።
«ለዚህ ነው የወፈረች፣ ለካ!»