ውሃልክ

«የአያት ስም?» አለችኝ የወረዳዋ ልጅ፣
ጣቷ ቁልፉ ላይ፣ ዓይኗ ከስልኳ ደጅ።
«ውሃልክ።»
ቀና አለች። «ምን ልክ?»
«የሰው ስም ነው 'ኮ የጠየቅኩዎ፣ አባባ፤
የግንበኛ ዕቃ መች አልኩ?»
ሰልፉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ሆዴ እየባባ።

ተማሪ ሳለሁ «ጠማማው ውሃልክ» ሲሉኝ እየተደባደብኩ፣
ጎርምሼ ግን ለመድኩ።
ሠላሳ ዓመት በክር ፋብሪካው የደመወዝ መዝገብ ላይ
የሰው ስም ስገለብጥ ኖሬ፣ የራሴን ሳላይ፣
ስልሳ ስድስት ዓመት እንደ ውርስ ካፖርት ደርቤው፣
ማን እንደሰፋው አባቴን በሕይወት ሳለ ሳልጠይቀው፤
ዛሬ ቅጹን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና
ፍለጋውን ጀመርኩት ከአቃቂ፣ ከአሮጌው የባቡር ጎዳና።

ጋሽ ወልደሐና፣ የባቡሩ ጡረተኛ፣
አንድ ጆሮው የሚሰማ፣ አንዱ የተኛ፣
ሳር በዋጠው ሐዲድ ዳር፦
«አያትህ ጉብል ሳለ ለፈረንጅ መሐንዲስ ሣጥን ይሸከም ነበር።
ውስጡ መስታወት፣ መስታወቱ ውስጥ አንዲት የአየር ፍሬ፣
መሬት ካዘመመ አትረጋም፤
እሷን ይዘው ነው የለኩት ይሄን ሁሉ አፈር።
አስተርጓሚው ‹ውሃ ልክ!› ብሎ ዕቃውን ሲጠራ፣
‹አቤት› የሚል እሱ ነው፣ ከጉድባው ማዶ፣ ከጋራ።»

አመንኩት። ቤቴ ገብቼ የተንጋደደውን የሠርጌን ፎቶ አቃናሁ፣
ያን ሌሊት ቀጥ ብዬ ተኛሁ።

ግን መሪጌታ ልሳነወርቅ የዳዊቱን የመጨረሻ ቅጠል ገልጠው፣
ለቤተ ክርስቲያኑ ክዳን ሳር ያመጡትን በጣታቸው ቆጥረው፣
ከደበዘዘው ቀለም መሐል «ውሃላክ፣ ሁለት ሸክም» አሉኝ።
«ል ነው» ብል ተቆጡኝ።
«ሳድስ አይደለም፣ ራብዕ ነው! እግሩን አታይም?
ይሄ ልመና ነው ልጄ፤ ሰማይ ሲደርቅ የተወለደን ልጅ
ሌላ ስም አይጠሩትም።»

አንዲት እግር ናት፣ የብዕር ጫፍ ያስረዘማት፣
አያቴን ከመለኪያ ወደ ጸሎት ያሻገረች።
ማን ይሆን ያሳጠራት?

ገላን ስደርስ፣ አባ ጉርሜሳ ከአንዲት የባሕር ዛፍ ጥላ ሆነው ሳቁብኝ።
«ውሃልክም፣ ውሃላክም አላውቅ» አሉኝ።
«እኛ የምናውቀው ሮባን ነው። ዝናብ ሲወርድ የተወለደ፤
አንድ ጠዋት ሥራ ፍለጋ ወደ ባቡሩ የሄደ።»
«ስሙን ማን ለወጠው?»
«እንጃ። ጸሐፊው ይሆናል። ራሱም ይሆናል። ሥራ የሚለምን ሰው
ከስሙ ላይ የሚጎረብጠውን ይልገዋል፣ ለሚጠራው እንዲመቸው።»
ከዚያ ዝም አሉ። ማሳቸው በነበረው መጋዘን ደጅ
አንድ መኪና ሲሚንቶ ያራግፍ ነበር።

አንዱ ዘነበ ይለኛል፣ አንዱ ይዝነብ፣ አንዱ ቀጥ በል፤
ቅጹ ግን ኪሴ ውስጥ፣ ሳይሞላ፣ እንደታጠፈ ላቡን ይጠጣል።
እኅቴ አስካለ በስልክ፦ «ተወው በቃ፣ ወንድሜ፤
‹ለማ› ብለህ አስሞላ። ማን ያጣራል በዚህ ዕድሜ?»

ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ። ሐሙስ ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት።
ቧንቧው ትክትክ እንደያዘው ሳለ፤ አየር ተፋ፤ ከዚያ ዝገት።
ደረጃው ላይ ጀሪካን ተንኳኳ፣ በር ተከፈተ፣ በር ተዘጋ።
«ውሃ!» ብላ የጎረቤቴ ልጅ በየደጁ ስትጣራ፣
ጫማዬን በጨለማ እየዳበስኩ፣ የቀኙን በግራ፣
የቱ እንደሆንኩ ሳላጣራ፣
«አቤት» አልኩ።